አምስት ጊዜ ደህና ነኝ

መርሳ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ሙባረክ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ቤቱም ደህና ነው። ጣራው ላይ ሁለት ቀዳዳ ወጥቷል፤ ክረምቱ እያለቀ ስለሆነ እሱም ደህና ነው።

ስልክ ከተቆረጠ ወዲህ ድምፅህን ሳልሰማ ወር ሊሞላኝ ነው። «ከአዲስ አበባ ወረቀት መጥቶልሻል» ሲሉኝ ነጠላዬን እንኳ ሳላነሣ ሮጬ ሄድኩ። ከፍቼ ባየው የካምፓኒ ቅጽ፣ አሥራ አንድ ጥያቄ! ናፍቀውኛል የሚል አንድ መስመር ከሥር ባላገኝ ኖሮ ቀዳድጄ ለጭፍራው ግመለኛ ለረዲ ግመል አበላው ነበር። እጅ ጽሑፌን አታንኳስስብኝ፤ መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝን ያህል ነው የምጽፈው።

እሺ፣ ልመልስልህ። ዕድሜ ሃምሳ ስምንት በልልኝ። ክብደት አላውቅም፤ የሱቄን ሚዛን ታጣቂዎቹ በገቡ በሦስተኛው ቀን ወስደውታል፣ ምን ሊመዝኑበት እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። በሽታ የለብኝም፤ ንዴት ካልተቆጠረ። ስድስተኛው ላይ ደግሞ የጉዞው ዓይነት ይልና ተራራ መውጣት፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ በእግር መናፈስ እያለ ይደረድራል። እነዚህ ሰዎች መርሳን አይተዋታል? «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አድርግ።

ዘጠነኛው፣ የጉዞው ምክንያት። ይህን ለነሱ ሳይሆን ለአንተ ልጻፍልህ፣ ከሰው አፍ ተዛብቶ እንዳይደርስህ። ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ከጠፋ ሃያ አንድ ቀኑ ነው። ስኳር ያለባቸውና መርፌ የሚወጉ ሰባት ሰዎች አሉን፤ አንዷ ጎረቤቴ አስካለ ናት። አዎ፣ ያቺው አስካለ። የጣራዋን ውኃ በአሸንዳ አድርጋ ጓሮዬ ውስጥ ከለቀቀችብኝ ጀምሮ እንደተኳረፍን ነው፤ ሁለት ዓመት ሞላን። ኩርፊያው አሁንም አለ። ግን ኩርፊያ ሌላ፣ መርፌ ሌላ። ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንኖረው፤ ውኃ ጠምቷት ስታድር ጆሮዬ ይሰማል።

አንተ ገዝተህ ለረዲ የላክኸውን መድኃኒት ከጭፍራ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በግራና መንደር በኩል ቆላውን ወርዶ ሁለት ቀን ተኩል መሄጃ፣ ሁለት ቀን ተኩል መመለሻ። «ለምን ሰው አይልኩም» ላልከው፣ ጎልማሳውን ኬላ ላይ ያስቀሩታል። አሮጊት ግን ማንም አያያትም። ከእኔ ጋር ወርቁ መካኒኩ ነበር፤ እሱም ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ አንድ ዓይኑም አያይም። ሁለታችንን ያየ ወደ ጠበል የምንሄድ ነው የሚመስለው።

እልካለሁ ያልከው ዕቃ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ከሰማይ ጋር የሚያነጋግር ከሆነ እኔ በቀን አምስት ጊዜ በነጻ እነጋገራለሁ።

አክስትህ ሁሪያ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ላሳደጉኝ እቴቴ ሁሪያ፣

ወዐለይኩም ሰላም። እንደምን ሰነበቱ? እንኳን ዘመን አሸጋገረዎ። መጀመሪያ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥያቄውን አስቀድሜ ሰላምታውን ከሥር ማድረጌ ከብልግና ሳይሆን ከጭንቀት ነው። ያን ጉዞ በእግርዎ ሄደው መምጣትዎን ረዲ ሲነግረኝ ሁለት ቀን እህል አልበላሁም።

ዕቃው ይኸው ይህን ደብዳቤ ተከትሎ ይመጣል። እርስዎ «ፈረንጅ ገደል ለገደል የምትነዳበት ሥራ» የሚሉት የጉዞ ድርጅታችን ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ እንደተዘጋ ነው። ድንኳኑም ገመዱም መጋዘን ተቀምጧል። ተራራ ለሚወጡ እንግዶች የምናከራየው መገናኛ ነበረን፤ ስልክ በሌለበት በሳተላይት በኩል መልእክት ይልካል። አንዱን ለእርስዎ እንድልክ አለቃዬ ልዑል ፈቀደልኝ። መዳፍ ያህል ናት፣ ቀለሟ ብርቱካን።

ደንበኝነቱ ሦስት ዓይነት ነው። ትንሹ በወር አሥር መልእክት ብቻ ነው የሚያስልከው። መካከለኛው አርባ ይሰጣል። ትልቁ ያለ ገደብ ያስልካል፣ በዚያ ላይ እርስዎ ምንም ሳይነኩ በየአሥር ደቂቃው ያሉበትን ቦታ በነጥብ አድርጎ እኔ ስልክ ላይ ያሳየኛል። ትልቁን ያዝኩ። ከእሱ ጋር የነፍስ አድን ዋስትና የሚሉት አለ፤ ሰው ገደል ቢገባ ወይም ቢሰበር፣ ካምፓኒው ባለበት አገር ሆኖ ሄሊኮፕተር ድረስ ያዝለታል። እሱንም ጨመርኩበት። ስለዚህ እቴቴ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን አይደሉም፤ አይዞዎ።

አጠቃቀሟ ቀላል ነው። ሰማይ በሚታይበት ሜዳ ያውጧት። በፕላስተር ቁጥር ለጥፌባታለሁ። አንድ ሲጫኑ «ደህና ነኝ» የሚል መልእክት ይደርሰኛል፤ ጠዋትና ማታ እሱን ይጫኑ። ሁለት «ዘግይቻለሁ» ነው። ሦስት «ሰው ይምጣልኝ» ነው። በጎኗ ደግሞ ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ አለ፤ እሱ በቀጥታ ወደ ነፍስ አድኖቹ ይደውላል። ወርቁ ከመኪና ባትሪ ቻርጅ ሊያደርጋት ይችላል፤ ሽቦውን አብሬ ልኬያለሁ።

አንድ የምለምንዎ ነገር፣ ደብቀው ይያዟት። ብትያዝ በየትኛውም ወገን ሰላይ ነው የሚሉዎ። ደግሞ ቅጹ አደጋ ቢደርስ የሚጠሩ የሁለት ሰዎች ስም ይፈልጋል። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ማን ይሁን?

የአስካለን ነገር ስላልጠየቅሁ አይቀየሙኝ። ዳቦ ስትጋግር ለእኔ ትንሿን ትለይልኝ እንደነበር አልረሳሁም።

ልጅዎ ሙባረክ


መርሳ፣ መስከረም 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሙባረክ፣

ሰላም ነህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ወርቁ ደህና ነው። አስካለ ደህና ናት ይላሉ፤ እኔ አልጠየቅኋትም፣ ግን መድኃኒቷ ለስድስት ቀን ብቻ እንደቀረው ቆጥሬ አውቃለሁ። እሷም ማወቄን ታውቃለች። ከትናንት ወዲያ አጥሩ ላይ አንድ ሙልሙል ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠች። በላሁት። አመሰግናለሁ አላልኩም።

ዕቃህ የረዲ ሰዎች ባሉበት በግራና ገበያ ደረሰኝ። ቀለሟ ብርቱካን ነው ስትለኝ ደብቀው ይያዟት ያልከው ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን እኔ ምን ነጋዴ እንደሆንኩ ትዝ አለኝ። ቅርጫቱን በብርቱካን ሞላሁና እሷን ከሥር አስተኛኋት። ኬላው ላይ አንዱ ታጣቂ እጁን ሰዶ እስከ ታች ሲበረብር ጣቱ እሷው ጋ ደረሰ። እጁን በጥፊ መታሁት። ከላይ አንሳ፣ የታችኛው ለታመመ ሰው ነው፣ እናትህ ይህን አላስተማረችህም? አልኩት። አፍሮ ሁለት ከላይ አነሣና ይቅርታ እናቴ ብሎ አሳለፈኝ። ወርቁ አሥር እርምጃ ወዲያ ሄዶ ነው ትንፋሹ የተመለሰው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሁለተኛ ስም ትለኛለህ። አንተ የቅሬ ልጅ አይደለህም እንዴ? ከተማ ገብተህ ረሳኸው? ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ከመንገድ የቀረን ወጥቶ የሚፈልግ፣ ቃሬዛ የሚሸከም ቅሬ ነው። የእኛ ሰማንያ አራት ቤት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን፣ አንድ ቃሬዛ ነው ያለን። የተጠራ ቀን የቀረ ይቀጣል። ስለዚህ ሰማንያ አራቱንም ጻፍ። ቦታ የለም ካሉህ ወርቁን አድርገው፤ የቅሬው ዳኛ እሱ ነው።

ያን ሄሊኮፕተር ግን አልፈልገውም። ልብ ብለህ ስማኝ። እዚህ ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ሰዉ ልጁን አቅፎ አልጋ ሥር ነው የሚገባው። የሚበር ነገር ለእኔ ብሎ ቢመጣ ከታች ያሉት ይተኩሱበታል፣ ከላይ ያሉት መልሰው ይተኩሳሉ፤ ከመሀል የምትቀር የግራና መንደር ናት። ለአንዲት አሮጊት ሲባል? አላደርገውም። ቀዩን ቁልፍ በፕላስተር ሦስት ጊዜ አጥብቄ ለጥፌዋለሁ። ወርቁ ሊያይ እንኳ ሲነካው እጁን መትቻለሁ።

ከነገ ወዲያ እንነሣለን። አንድ ቁጥርን እንዳልከው ጠዋትና ማታ እጫናለሁ።

ሁሪያ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 17 ቀን 2014 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ይህን ደብዳቤ እያነበቡት ከሆነ ተገኝተዋል ማለት ነው። ረዲ ጋ ነው የማስቀምጠው። እንደማያነቡት ባስብ አልጽፈውም ነበር።

በ14 ጭፍራ ሲገቡ ነጥቡን አየሁ። በ15 ጠዋት መድኃኒቱን ይዛችሁ ስትነሡ አንድ «ደህና ነኝ» መጣልኝ፣ ማታም አንድ። ደስ ብሎኝ ለልዑል ሁሉ አሳየሁት። ትናንት ጠዋት ደግሞ ነጥቡ ወደ ግራና የሚያወጣውን ዳገት ሲጀምር አራት ሰዓት ላይ ቆመ። ዐርፈው ነው አልኩ። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ «ደህና ነኝ» መጣ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። አምስት ሰዓት ላይ ሌላ መጣ። ስድስት ተኩል ላይ ሦስተኛው። ነጥቡ አልተንቀሳቀሰም። ስምንት ሰዓት ላይ አራተኛው ሲመጣ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ተነሣሁ።

ያን ቀን ያስታውሳሉ? ሰባት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥተው ወሰዱኝ፤ እጄን ይዘው በውርጌሳ መንገድ ስንሄድ «እናትህ ደህና ናት» አሉኝ። ትንሽ እንሄድና ሳልጠይቅዎ ደግመው «ደህና ናት» ይሉኛል። አምስት ጊዜ። ቤት ስንደርስ ድንኳን ተተክሎ ነበር። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ደህና የሆነ ሰው አምስት ጊዜ ደህና ነኝ አይልም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ አምስተኛው መጣ።

ለነፍስ አድኖቹ ደወልኩ። እርስዎ አይሆንም እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ የሚበር ነገር አትላኩ፣ ምክር ብቻ ስጡኝ፣ በአቅራቢያ ያላችሁን ሰው ንገሩኝ ልላቸው ነበር። ሴትዮዋ በጣም ትሑት ናት። ቀይ ቁልፍ ተጭነዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። ትንሽ አቆየችኝና ይቅርታ፣ ያ አካባቢ ግጭት ካለባቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ ተጽፏል አለችኝ። ገጽ ዘጠኝን አላነበብኩትም ነበር እቴቴ። ስምንት ገጽ አንብቤ፣ ሄሊኮፕተሩን አይቼ፣ ፈረምኩ። ከዚያ ደግሞ አይዞዎ፣ ብቻዎን አይደሉም ብዬ ጻፍኩልዎ። ያችን ቃል የጻፈው እጄ እስካሁን ያፍራል። ሴትዮዋ ስትሰናበተኝ መልካም ቀን ብላኛለች።

ከዚያ ለረዲ ደወልኩ። ካርታውን እያየሁ ቦታውን ነገርኩት፤ ደረቁ ወንዝ ለሁለት የሚከፈልበት፣ ሁለት ዋርካ ያለበት፣ ከዚያ ዳገቱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት። ገና ሳልጨርስ «አውቀዋለሁ፣ እዚያ ግመል ተሰብሮብኛል» አለኝና ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አያነሣም። ጭፍራን ለቆ ወጥቷል ማለት ነው። እንዲያ ነው ብዬ አምኛለሁ።

አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ነጥቡ ያው ነው። ባትሪዋ አልቆ ይሆናል፣ ዛሬ «ደህና ነኝ» አልመጣም። ትናንት አምስቱን ስሰማ ተናድጄብዎ ነበር፤ ዛሬ አንዱን ናፍቄያለሁ።

ሙባረክ


መርሳ፣ መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደህና ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጽፈው፣ እመነኝ።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ወጌሻው አስተካክሎ በቀርከሃ አስሮልኛል፤ ሲያስተካክለው ምን እንደተሳደብኩ ወርቁ ይነግርሃል፣ እኔ አልደግመውም። ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ። ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ድንጋይ ነው የጣለኝ። ትልቅ ድንጋይ መስሎህ እንዳታዝንልኝ፤ የጡጫ ያህል ናት፣ ስረግጣት ተገለበጠች። መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ማሰሮ ውስጥ ነበር የያዝኩት። ስወድቅ ማሰሮዋን ወደ ላይ አድርጌ በጀርባዬ ነው የወደቅሁት፤ አልተሰበረችም። ወርቁ ማሰሮዋን ሳያይ ወደ እግሬ መጣ። ልሸከምሽ አለ፣ በስድሳ አምስት ዓመቱ! ልቀመጥ አብሬሽ አለ። ነጋሪት የሚያህል ክርክር ነው የተከራከርነው። መጨረሻ ላይ ያልኩት ይህ ነው፦ «አስካለ የዛሬዋን ተወግታ ጨርሳለች። እኔ እግር ነው የተሰበረኝ፣ እግር ይጠብቃል። እሷ አትጠብቅም። ሂድ።» አለቀሰና ሄደ። ኮዳውንና ነጠላውን ትቶልኝ ነው የሄደው።

አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስ። ለምን ሦስተኛውን አልተጫኑም፣ እሱ ሰው እንጂ ሄሊኮፕተር አይጠራም ብለህ በረዲ ላክህብኝ። አንተ ለማን ልትደውል ኖሯል? ለእነዚያ ነዋ። እነሱም የሚበር ነገር ይልካሉ ብዬ ፈራሁ። ገጽ ዘጠኝን እኔም አላነበብኩትም። የማይመጣውን አትምጣ ብዬ ስከለክል መዋሌን ሳስበው አሁን ሳቄ ይመጣል፤ እግሬን እያመመኝ ነው የምስቀው።

ደህና ነኝን ግን አስቤ አልነበረም የምጫነው። ሕመሙ ሲመጣ እጄ ወደዚያች ይሄዳል። የሚያጽናናኝ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እና እኔው አንተን አጽናናሁ። የእናትህን ቀን እንደማትረሳው አላውቅም ነበር። ይቅር በለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ መንገድ ላይ ምን ይባላል? እኔም ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ፣ እህቴን ነው የቀበርኩት።

ረዲ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰውና አንድ ግመል ይዞ ደረሰ። ቃሬዛ እንደሚመጣ ስለነገርኩት ግመሏ ላይ አስሮ ዳገቱን አወጣኝ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ከወዲያ በኩል ቅሬው ቃሬዛውን ተሸክሞ ሲመጣ ተገናኘን። ሃያ ሁለት ሰው ነበር። ኬላውን እንዴት አለፋችሁ ስላቸው አስከሬን ልናመጣ ነው አልናቸው አሉኝ። ወርቁን ሰደብኩት። እሱ ግን ውሸቱ እንዳይገለጥብን ጸጥ ብለሽ ተኚ ብሎ ነጠላ አለበሰኝና ኬላው ላይ ሬሳ ሆኜ አለፍኩ። ያ ብርቱካን የወሰደው ታጣቂ ቆቡን አወለቀልኝ። ነፍስ ይማር ሲል ሰምቼዋለሁ።

እና አስካለ። መርፌዋን የተወጋች ዕለት፣ ተኝተሽ ዋይ ሲሏት፣ ተነሥታ ግራና ድረስ ከቅሬው ጀርባ መጥታ ነበር። እዚያ መንገድ ዳር ተቀምጣ አገኘኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ካላናገረኝ አፍ የወጣው የመጀመሪያ ነገር ምን ይመስልሃል?

«አሸንዳውን አነሣዋለሁ።»

ተይው፣ ለምጄዋለሁ አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፣ ረዲም አብሮን አለቀሰ፣ ለምን እንደሆነ እሱ ራሱ አያውቅም።

እነዚያ ሰዎች አገልግሎታችን እንዴት ነበር ብለው ጠይቀውኛል፣ ምን ልመልስ ብለሃል። እንዲህ ብለህ ጻፍ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ያወጣችሁት መሬት ላይ ሰው ይኖራል በላቸው። ሰባት ሰው በሰዓቱ መድኃኒቱን ተወግቷል፣ አንዲት ሴት ከገደል ወጥታለች፣ ዋስትናችሁ ግን አልተነካም፣ እንደ አዲስ ነው በላቸው። ሌላ ሰው ይግዛው።

ሁሪያ


መርሳ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሙባረክ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። በአጭሩ ነው የምጽፍልህ፣ ግመለኛው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ከእንግዲህ ማን ይሄዳል ብለህ ጠይቀኸኛል። እሑድ ቅሬው ተሰበሰበ። መገናኛዋ ከእንግዲህ የሁሪያ አይደለችም፣ የቅሬው ናት ተባለ። በመዝገቡ ከድንኳኑ፣ ከብረት ድስቱና ከቃሬዛው ቀጥላ ገብታለች፤ ጸሐፊው ስሟን ምን ልበላት ብሎ ሲጨነቅ ወርቁ «ብርቱካኗ» በላት አለው። ረዲም የቅሬው ሰው ሆኗል፣ ሰማንያ አምስተኛ ቤት። ጭፍራ ሆኖ እንዴት ቀብር ይወጣል ያለ ሰው ነበር። አክስትህ ተነሥታ ተናገረች፤ ማለቴ ተነሥቼ አይደለም፣ ተቀምጬ። እኔን ያወጣኝ ማን ነው ስላቸው ጸሐፊው ስሙን መዝገቡ ላይ ጻፈው።

ሕግም ወጥቷል። መንገድ የወጣ ሰው ደህና ነኝ የሚለው ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ነው። ሦስት ጊዜ ያለ ሰው ተቸግሯል ማለት ነው፤ አንተ ለረዲ ትነግራለህ፣ ረዲ ይወጣል። በተባለበት ቀን ያልደረሰን ደግሞ ቅሬው ማንም ሳይጠራው ይወጣለታል። ይህን ገጽ ዘጠኝ የለውም።

ስለዚህ ያን ነፍስ አድን ሰርዘው። ደንበኝነቱንም ወደ ትንሹ አውርደው፤ ነጥቡን ከሰጠን አሥር መልእክት ይበቃናል። በየአሥር ደቂቃው ባይሆን በየሰዓቱ ይሁን። ወርቁን እግሩን አሞታል፣ አብሮ አይሄድም።

የምትሄደው አስካለ ናት። አዎ፣ ያቺው አስካለ፣ መርፌ የምትወጋው። ሁሉም ተቃወሟት፣ እኔ ከሁሉም በላይ። የራሴን መድኃኒት ራሴ አመጣለሁ፣ ለስድስቱም አመጣለሁ፣ ሁሪያ በአንድ እግሯ ትመልሰኝ እንደሆነ ትሞክረኝ አለች። ምን ልላት? እኔ ልጅ ሆኜ ከእሷ የባሰ ግትር ነበርኩ። ስኳሯ ቢወርድባት ብዬ ብርቱካን ሸክፌላታለሁ፣ ብርቱካኗም ከሥር ናት። ነገ ትነሣለች። ስሙን በስሟ አዙረው፤ በዕድሜና በክብደት ግን አትጠይቃት፣ ከእኔ የባሰች ናት።

ሁሪያ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

እቴቴ፣

እግርዎ እንዴት ነው? እንዳይረግጡበት፣ ወጌሻው እስኪልዎ ድረስ። ሁሉንም እንዳሉኝ አድርጌያለሁ። ለካምፓኒው ያሉትን ቃል በቃል ጻፍኩላቸው፤ ስላስተያየትዎ እናመሰግናለን የሚል መልስ መጥቷል። ዋስትናው ተሰርዟል። የተጓዡ ስም የሚለው ላይ አስካለን ጽፌያለሁ። ሁለተኛው የአደጋ ጊዜ ተጠሪ የሚለው ላይ ግን ቦታው ለአንድ ስም ብቻ ስለሆነ «ቅሬ» ብዬ ሞላሁት። ኮምፒውተሩ ተቀበለው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እሷ ቀድማው ገብታ ይሆናል። ቢሆንም ያየሁትን ልጻፍልዎ፤ ብቻዬን ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም።

በ6 ጭፍራ ገባች። ረዲ መድኃኒቱን አስረከባትና ሁሪያ የወደቀችው የት ጋ ነው ብላ ጠየቀችው። ለምን ሲላት፣ ያን ድንጋይ ሳልሰድበው አላልፍም አለችው። በ7 ጠዋት ስትነሣ አንድ «ደህና ነኝ»፣ ማታ አንድ።

ትናንት ጠዋትም አንድ መጣ። ከዚያ ነጥቡ ከሁለቱ ዋርካ አልፎ፣ ዳገቱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት፣ ልክ እርስዎ በነበሩበት ቦታ ላይ ቆመ። አራት ሰዓት ነበር። አምስት ሰዓት ላይም ያው ነው። ልዑል አጠገቤ ነበር፤ ደውልለት እንጂ አለኝ። የረዲን ቁጥር አውጥቼ ያዝኩ። ግን ሕጉ ትዝ አለኝ። ሦስተኛ «ደህና ነኝ» ከመጣ ልደውል ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኔን ከስልኩ ላይ አላነሣሁም። አልመጣም። ስድስት ሰዓት ላይ ነጥቡ ተነሥቶ ዳገቱን ጨርሶ ወደ ግራና ወጣ። ድንጋዩን በደንብ ሰድባው ነው መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት ግራና ናት፣ ፊቷን ወደ መርሳ አዙራለች። ማሰሮዋንም ይዛለች፤ ብትሰበርባት ኖሮ ነጥቡ ወደ ጭፍራ ይመለስ ነበር።

እቴቴ፣ አስካለ ደህና ናት። አንድ ጊዜ ነው የምልዎ።

ልጅዎ ሙባረክ